የግራው ክንፍ

ሰኞ፣ ዝናብ

ዛሬ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሃንጋሩ እንደተውኩት ነው። አውሮፕላኑ መሀል ላይ ክንፍ አልባ ቆሟል፣ ሞተሩ ጥግ ላይ ተፈታቶ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ክንፎች ግድግዳውን ተደግፈዋል። ቀለም ቀቢው ሲያየኝ ብሩሹን አስቀመጠና "አይዞሽ እንግዲህ" አለኝ። ሥራ አስኪያጁ "እትዬ፣ ትንሽ አርፈው ቢመጡ ይሻል ነበር" አለኝ። የት ነው የማርፈው? የቤቱ ዕረፍት ከሥራው ይከብዳል።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ወሬ ስለተጠራቀመብኝ ነው። የቀኑን ወሬ ማታ ማታ የምነግረው ለባሌ ነበር። እሱ መስማቱን ሳያረጋግጥልኝ ይሰማኝ ነበር። አሁን ወሬው አፌ ውስጥ እያደረ ይሻግታል።

አውሮፕላኑ የጦርነት ዘመን ነው። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ። ጦርነቱ ሲያልቅ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ አይጥና ምስጥ ሲጫወቱበት ኖሮ፣ የበረራ ክበቡ አወጣውና እንደገና ይብረር አለ። የእንጨቱን ሥራ ባሌ ያዘ፣ የጨርቁን እኔ። እሱ አጥንቱን ይሠራል፣ እኔ ቆዳውን አለብሰዋለሁ። "እኔ ባጠፋም አንቺ ትሸፍኚልኛለሽ" ይለኝ ነበር። ሁለቱንም ክንፎች ጨረሰ፣ እኔም አለበስኳቸው። ጅራቱ ሲቀር አንድ ጠዋት ልቀሰቅሰው ብሄድ አልነቃም። ልቡ ነው አሉ።

ረቡዕ

አዲስ አናጢ ተቀጠረ። ከሰላምታ ውጭ ወሬ የለውም። ልብሱን ቀይሮ ወደ ጅራቱ ይሄዳል ስል ወደ ክንፎቹ ሄደ። ጆሮውን አስጠግቶ በመዶሻ እጀታ እንጨት እንጨቱን ያንኳኳ ጀመር፣ እንደ ሐብሐብ ገዢ። ቀኙን ጨርሶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ግራው ላይ ግማሽ ከሄደ በኋላ ተመለሰና እንደገና አንኳኳ።

"ይህን የሠራው ማነው?" አለኝ።

"ባሌ።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም። ምነው?"

"ድምፃቸው አንድ አይደለም።"

"አንዱ ቀኝ ነው፣ አንዱ ግራ" አልኩት። ቀለም ቀቢው ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም።

ሐሙስ

ስም አወጣሁለት፦ አንኳኪው።

የግራው ክንፍ ይከፈት ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው። ጫፉ አካባቢ ጎድኖቹ ከዋናው ወራጅ ጋር በደንብ አልተጣበቁም ነው የሚለው። ወራጁ ክንፉን ከዳር እስከ ዳር የሚሸከም እንጨት ነው፤ ጎድኖቹ ከሱ ከለቀቁ ክንፉ ሰማይ ላይ ቅርጹን ያጣል። ይህን ለኔ አስረዳኝ። ለኔ።

ሥራ አስኪያጁ "ለመክፈት ጨርቁን መቅደድ ሊኖርብን ነው። እንግዶች ተጠርተዋል፣ የበረራው ቀን ተቆርጧል። ደግሞም ጨርቁ የእትዬ ሥራ ነው" አለ። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

"መቀስ የያዘ ሰው ወደዚያ ክንፍ እንዳይጠጋ" አልኩ።

ልክ ነው ያደረግኩት። ሙት ወቃሽ አትሁን ይባላል። መጥቶ ሦስት ቀን ያልሞላው ሰው የስንት ዓመት እጅ ይፈርዳል? ክረምት ነው፣ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ድምፁ ይለወጣል። እርጥበት ነው።

ቅዳሜ

ልጄ ደወለ። "እማዬ፣ በላሽ?" "በላሁ።" "ምን በላሽ?" ትንሽ አሰብኩና ሾርባ አልኩት። "ብቻሽን ነሽ?" "ጎረቤት አለች፣ አሁን ወጣች።" ጎረቤቴ ቤቱን ለቃ ከሄደች ከረመች። "ልምጣ እንዴ?" "ሥራህን ሥራ።" ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ከቅድሙ የበለጠ ጭር አለ።

የባሌን ሸሚዞች አጣጠፍኩ። ለማን እንደምሰጣቸው አላውቅም። በመጨረሻው ሰሞን እንደ ሙሽራ ሆኖብኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊቴ ይቆምና "ቆልፊልኝ" ይለኛል። በዚህ ዕድሜ ምን ነካህ እለዋለሁ፣ ከአንገቱ ጀምሬ እስከ ታች እቆልፍለታለሁ፣ እሱ ጣራ ጣራውን እያየ ይቆማል። ከተጋባን እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ዝናብ

ቸኩያለሁ። የጅራቱ ጨርቅ ተቆረጠ። አንኳኪው ምንም አልተናገረኝም። እኔም አልተናገርኩትም። ጥሩ።

ረቡዕ

ጆሮዬ ምነው በደነቆረ።

ክር ፍለጋ ከሞተሩ ሣጥኖች ጀርባ ገብቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁና ቀለም ቀቢው ወዲያ ማዶ ቆመው ያወራሉ።

"አዲሱ አናጢ ያለው እውነት ቢሆንስ?" ይላል ሥራ አስኪያጁ።

"እኔ ምን አውቃለሁ። ግን ሟቹ በመጨረሻ ሰሞን እጁ እሺ አይለውም ነበር። መዶሻ ከእጁ ሲያመልጠው ስንቴ አይቻለሁ።"

"ይጠጣ ነበር እንዴ?"

"ሳይሆን ይቀራል? የሞተ ሰው አይታማም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

እሱ? ለሠርጋችን የተሰጠን ጠርሙስ እስካሁን ቁምሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ክዳኑ አልተነካም። ልጃችን ሲመረቅ እንኳ በለስላሳ ነው ያጋጨው። ወጥቼ ልነግራቸው ተነሣሁ። ከዚያ ቆምኩ። አይጠጣም ብላቸው፣ ታዲያ እጁ ምን ሆኖ ነው ቢሉኝስ?

ክሩን ሳልይዝ ወጣሁ።

ዓርብ

ራሴን ሲወቅረኝ ዋለ። ወደ ቤት ስመለስ ኪኒን ልገዛ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ፋርማሲ ጎራ አልኩ። እኔ ብዙም አልገባበትም፣ እሱ ነበር የሚያዘወትረው። ልጅቷ ፈገግ አለችልኝ።

"ጋሼ ጠፉብን። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ተሻላቸው?"

ቦርሳዬን ከፈትኩ።

"መድኃኒታቸውን በየወሩ ሳያቋርጡ ነበር የሚወስዱት። ሲተዉት ተሽሏቸው ይሆናል ብዬ ነው።"

"ተሽሏቸዋል" አልኳት።

"እሰይ። ሰላም በሉልኝ።"

እሺ አልኳት። ኪኒኑን መደርደሪያው ላይ ረስቼው መጣሁ።

ሰኞ

ማንም ሳይመጣ ገባሁ። ክንፉ ከታች በኩል እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፣ ሽቦዎቹን ለማየት የተተወ። እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ብብቴ አስገባሁ።

መጀመሪያ ላይ ያሉት ጎድኖች ልክ እንደሚያውቁት ሰው ናቸው። ኮላው በጠርዙ ቀጭን ሆኖ ወጥቶ ደርቋል፣ ሚስማሮቹ እንደ ስፌት ተሰልፈዋል። እጄን ወደ ጫፉ ስሰድ ሚስማሮቹ መስመር ለቀቁ። አንዱ ወደ ላይ ሄዷል፣ አንዱ ተጣሟል። በመጨረሻ የደረስኩበት ጎድንና ወራጅ መሀል ጥፍሬ ገባ። ጥፍር መግባት የለበትም።

እርጥበት ነው ልል ነበር። ሚስማርን እርጥበት አያጣምመውም።

የሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ ነገር ናት። ጣት ካላዘዙት አይይዛትም። ጣራ ጣራውን ያይ የነበረው ለዚያ ነው።

ማክሰኞ

ምንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ምንም አልተናገርኩም። ቀኑ እየቀረበ ነው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ፀሐይ

አብራሪው መጣ። የሚያበረው እሱ ነው፣ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው። መጥቶ ክንፍ የሌለው አውሮፕላን ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ያለማምዳል፤ ይህን ይስባል፣ ያንን ይገፋል። ዛሬ ሲወርድ ወደኔ መጣ።

"እትዬ፣ እኔ ከተቀመጥኩ በኋላ ያለውን እንጂ ከሥሬ ያለውን አላውቅም። የማምነው ሠሪውን ነው። እንዴት ነው፣ ያዛልቀናል?"

"ጨርቁ ጥሩ ነው" አልኩት።

"አይ ተመስገን" አለና ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ።

የጠየቀኝ ስለ ጨርቁ አልነበረም።

ኋላ ቀለም ቀቢው ሻይ ይዞልኝ መጣ። ያን ወሬ መስማቴን አያውቅም። "የግራውን ክንፍ ስታለብሺ ውስጡን አይተሽው የለ?" አለኝ፣ እንደ ዋዛ።

"ብርሃን አልነበረም። እዚያ ጋ ያለው አምፖል ተቃጥሎ ነበር።"

"የቱ? ያኛው? እኔ እኮ ነኝ የቀየርኩት፣ እናንተ ሥራ ስትጀምሩ። እስከዛሬ እንዳለ ነው።"

ሻዩ ስኳሩ በዝቶበት ነበር።

ዓርብ

ዛሬ አብራሪው ደጅ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ከሚስቱ ጋር መሰለኝ። "አትጨነቂ፣ ሴትዮዋን ራሷን ጠይቄያታለሁ። ጥሩ ነው ብላኛለች" አላት። "አዎ፣ ባሏ ነው የሠራው። ከሷ በላይ ማን ያውቃል?"

መርፌዬን ሰክቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ማንም ወዴት ነሽ አላለኝም።

ነገሩን ብናገር ሁለት ነገር አለ። ታሞ ከኔ ደበቀ፣ ወይም ሳየው አላየሁትም። ሦስተኛ ፈልጌ አጣሁ። ዝም ብልስ? ዝም ብል የአብራሪውን ሚስት ፊት አላውቀውም፣ ግን አየዋለሁ።

ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው ይላሉ። የሱን እጅ በሽታ ሲበላው የኔ እጅ ምን ይሰፋ ነበር?

ቅዳሜ

የዛሬውን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

የቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው፣ ሁሉም ነበሩ። ትልቁን መቀስ ከመሳቢያዬ አወጣሁና ወደ ግራው ክንፍ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ "እትዬ?" አለ። ጫፉ ላይ አስገብቼ ቆረጥኩ። በቀለም ተወጥሮ የደረቀ ጨርቅ ሲቀደድ ከበሮ ሲፈነዳ ይመስላል። ሁሉም ሥራውን ትቶ ቆመ። እስከ መሀል ድረስ ቀድጄ ጨርቁን ወደ ኋላ ገለበጥኩት። የራሴ ስፌት ነው፣ አንዷም ክር አልሳሳችም ነበር።

ብርሃን ገባበት። በእጄ የዳሰስኩትን አሁን በዓይኔ አየሁት፣ እነሱም አዩት። ጫፍ ያሉት ጎድኖች ዙሪያቸው በመዶሻ የተጎዳ ነው። አንዳንዱ ሚስማር ተነቅሎ እንደገና ተመቷል፣ እንደገና ተነቅሏል፣ ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ አለ፣ ከሱም ጎን ሌላ። በአንድ ጎድን ላይ ስንት ቀን እንደታገለ እንጃ። እኔ ከወዲያ ማዶ ጨርቅ እየለካሁ፣ ምነው ዛሬ መዶሻህ በዛ እያልኩ እቀልድበት ነበር።

"እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር" አልኳቸው። "ታሞ ነው። መድኃኒት ይወስድ ነበር። ጠጥቶ አያውቅም።"

ቀለም ቀቢው አቀረቀረ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በእጁ አሸና "እንግዶቹን ምን ልበላቸው?" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

"ዝናብ ነው በላቸው። መቼም ውሸት አይሆንም" አለ አብራሪው። ቆይቶ ወደኔ ቀረበ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት "አመሰግናለሁ፣ እትዬ" ብሎ ቀደመኝ። እንደዚያ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

አንኳኪው ክንፉ ሥር ተንበርክኮ እየዳሰሰ ነበር። እንደነገርኳችሁ የሚል ቃል ከአፉ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"ጫፍ ያሉትን ደግሜ እሠራቸዋለሁ" አለ። "ሌሎቹን አልነካም። እኔ ከዚያ አስበልጬ አልሠራም።"

እሑድ

ለልጄ እኔ ደወልኩለት። አባትህ እጁ ታሞ ነበር አልኩት። "ለምን አልነገረንም?" አለኝ። የጀመረውን ሊጨርስ ይሆናል አልኩት። "አንቺስ አላየሽም?" አለ። ወዲያው ደግሞ "ይቅርታ እማዬ፣ እንደዚያ ለማለት አይደለም" አለኝ።

ቢል ምን ይፈረድበታል።

ሰኞ

ክረምቱ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ኮላ በእርጥበት አይይዝም። ክንፉን በላስቲክ ድንኳን ከልለው ማሞቂያ አስገቡለት። አንኳኪው ከሥሩ አይጠፋም። አንድ ጎድን ያጣብቃል፣ በሞርሳ ያስረዋል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ትርፍ ቁራጭ እንጨት አብሮ ያጣብቅና በማግስቱ በመዶሻ ይሰብረዋል። ስብራቱ እንጨቱ ላይ ከሆነ ኮላው ይዟል ማለት ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ ፈርሶ እንደገና ነው። አንዱን ሦስቴ አፈረሰው። ከራሱ ሥራ ጋር እንደዚህ የሚጣላ ሰው ከባሌ ሌላ አላየሁም ነበር።

ሐሙስ

ቤት ውስጥ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ዛሬ አንድ ጊዜ ነው። ወተት አድራሹ። "ግማሽ ይበቃኛል" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ደመና፣ ዝናብ የለም

ክንፉ ደረሰ። እንደገና አለበስኩት። ዛሬ ጨርቁን ከጎድኖቹ ጋር የማሰር ሥራ ነበር። ክንፉን በጠርዙ ያቆሙታል፣ ጨርቁ በሁለቱም በኩል አለ። እኔ ከዚህ በኩል ረጅሙን መርፌ እሰዳለሁ፣ ከወዲያ ያለ ሰው ስቦ ይመልስልኛል። ከወዲያ ማዶ የሚቆመው ባሌ ነበር። ማን ይቁም ሲባል አንኳኪው እጁን ታጥቦ መጥቶ ቆመ።

ጨርቁ ስለሚጋርደን አንተያይም። መርፌው ሲገባ "ያዝኩ" ይላል። ይመለስልኛል። እኔም "ያዝኩ" እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል የለም። አንዴ ጣቱን ወጋሁት መሰለኝ፣ ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ፣ ቆይቶ ግን "ያዝኩ" አለ።

ሲመሽ አንገቴ ደርቆ ነበር። ቤት ገብቼ በቁሜ እራት በላሁ። በእውነት በላሁ፣ ለልጄ የማወራው ዓይነት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥርት ያለ ሰማይ

በረረ።

የተጠሩት እንግዶች ከግማሽ በታች ናቸው የመጡት። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፤ ለክበቡ፣ ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹ ምስጋና አቀረበ። የባሌን ነገር አላነሣም። ረስቶት አይደለም፣ እኔ ስላለሁ ፈርቶ ነው። ሰው ሁሉ እኔ ፊት የሱን ነገር እንደ ትኩስ ብረት ነው የሚርቀው። ከሞተ ወዲህ እዚህ አንድ ሰው ስለሱ አውርቶኝ አያውቅም፤ የሰማሁት ያን ሐሜት ብቻ ነው።

ሞተሩ ሲነሣ ደረቴ ውስጥ ነው የተነሣው። ሣሩን እያስጎነበሰ ሄደ፣ ነጠረ፣ ሁለተኛ ነጠረ፣ ከዚያ ከመሬት ተለየ። እኔ ከግራው ክንፍ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሲዞር ፀሐይ ጨርቁን አልፋ ጎድኖቹ አንድ በአንድ ታዩ፣ የሱም የዚህኛውም። ከታች ሆኜ መለየት አልቻልኩም።

አብራሪው ወርዶ መነጽሩን አወለቀና "ትንሽ ወደ ቀኝ ትጎትታለች" አለ። አንኳኪው "ወደ ቀኝ ነው ያልከው?" ብሎ አስደገመው። አብራሪው ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሲዞርብኝ ወደ ሃንጋሩ ገባሁ።

ሰኞ

እሑድ አልጻፍኩም። የምጽፈው አልነበረም።

ዛሬ መርፌዎቼንና መቀሴን ልሰበስብ ሄድኩ። የጨርቁ ሥራ አልቋል። አውሮፕላኑን ሊያዩ ሁሉም ሜዳው ላይ ናቸው፤ አንኳኪው ብቻ የባሌ መሥሪያ ጠረጴዛ ጋ ሆኖ አንዲት ቁራጭ እንጨት ይልጋል። ከእግሩ ሥር ጣውላ አንጥፎ ቆሟል። እስከዛሬ ልብ አላልኩትም። ጠረጴዛው በባሌ ቁመት ልክ የተሠራ ነው፣ ይህኛው ደግሞ አጭር ሰው ነው።

"እግሩን ቆርጠህ ብታሳጥረው አይሻልም?" አልኩት።

"የኔ አይደለም" አለ። መላጊያውን አስቀመጠ። ዕቃዬን ስሰበስብ ቆሞ አየኝ፣ አንድ ነገር ሊል ፈልጎ እንደሚያመነታ ያስታውቃል። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ክረምቱን ሙሉ እጄ የኚህ ሰውዬ ሥራ ውስጥ ነው የከረመው። ኮላ እንዴት እንደሚቀቡ አውቃለሁ፣ ሚስማር ከየት በኩል እንደሚመቱ አውቃለሁ። ሲጨንቃቸው ምን እንደሚያደርጉም አይቻለሁ። ፊታቸውን ግን አላውቀውም። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ።

"ረጅም" አልኩት።

"እሱንስ ጠረጴዛው ነግሮኛል" አለ።

ወንበር አምጥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገልኝና ራሱ ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ተቀመጥኩ። ግትር ነበር አልኩት። ዘፈን ሲዘፍን ግጥሙን ስለማያውቅ ከራሱ እየፈጠረ ይሞላው ነበር። አንድ ጊዜ ወንበር ሠርቶ ሲጨርስ በበሩ አልወጣ ብሎት በሩን ነቅሎ አወጣው፣ ተሳስቻለሁ ግን አላለም። አንኳኪው በዚህ ሳቀ፤ ሲስቅ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። "ከዚያስ?" አለኝ።

ከሜዳው የተመለሱት ሲገቡ አሁንም እያወራሁ ነበር። ቀለም ቀቢው ሥራ ላይ ያለን መስሎት ሊያልፈን ሲል ሰማና ቆመ። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።